ፕሮግራምን እንደ ሒሳብ ማረጋገጥ፦ የቶኒ ሆር ሳይንሳዊ ጉዞ

አንድ ተማሪ የጻፈውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለመመርመር አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው የተወሰኑ ቁጥሮችን አስገብቶ ውጤቱን መመልከት ነው። አሥር ጊዜ ሞክሮ አሥሩም ከተሳካለት ሥራው እንደተፈጸመ ይቆጥራል። ይሁንና በአሥራ አንደኛው ሙከራ ምን እንደሚከሰት ዋስትና የለውም። እያንዳንዳቸው 32 ቢት የሆኑ ሁለት ቁጥሮችን የሚቀበል ፕሮግራም በሁሉም ጥንዶች ይፈተን ቢባል፣ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ሙከራ እየተደረገ እንኳ ከ580 ዓመታት በላይ ይፈጃል። ታዲያ ሁሉንም ሳንሞክር ፕሮግራሙ ትክክል መሆኑን ማወቅ እንችላለንን? በዚህ ጽሑፍ የዘመናቸውን ትልቅ ክፍል ለዚህ ጥያቄ የሰጡትን እንግሊዛዊውን ሳይንቲስት ቶኒ ሆርን እናስተዋውቃለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጥንታዊ ቋንቋዎች ወደ ኮምፒዩተር

ሆር በ1934 በኮሎምቦ ከተማ፣ በዛሬዋ ስሪላንካ ተወለዱ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ሒሳብን ሳይሆን ላቲንን፣ ግሪክኛንና ፍልስፍናን ነበር። በባሕር ኃይል ውስጥ ብሔራዊ አገልግሎት ሲሰጡ ሩስኛ ተማሩ፤ ይህም በ1959 ወደ ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ወሰዳቸው። በዚያ ሩስኛን በኮምፒዩተር ስለመተርጎም ሲያጠኑ፣ የዓረፍተ ነገርን ቃላት በፊደል ተራ የሚያሰልፍ ፈጣን ዘዴ አስፈለጋቸው። ያገኙት መፍትሔ ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቀው ኩዊክሶርት ነው። አንድ ቃል ይመረጣል፤ ከእርሱ የሚቀድሙት በአንድ ወገን፣ የሚከተሉት በሌላው ወገን ይደረጋሉ፤ ከዚያም በየወገኑ ያው ሥራ ይደገማል። በ1960 ኤሊየት ብራዘርስ በተባለ የኮምፒዩተር ድርጅት ተቀጥረው ስለ ዘዴው ሲያስረዱ፣ አለቃቸው ባለማመናቸው በስድስት ፔንስ ተወራርደው ተሸነፉ።

በዚሁ ድርጅት ውስጥ ግን መሪር ውድቀትም ገጥሟቸዋል። እርሳቸው የመሩት አንድ ትልቅ የሶፍትዌር ሥራ ከሠላሳ የሰው ዓመት በላይ ድካም ከፈሰሰበት በኋላ ሳይጠናቀቅ ተሰረዘ። ሆር ይህን ታሪክ በ1980 የቱሪንግን ሽልማት ሲቀበሉ ባደረጉት ንግግር በአደባባይ ተናግረውታል።

የማይለወጠው እኩልነት

በ1968 በቤልፋስት በሚገኘው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ። በተከታዩ ዓመት ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ፣ አሜሪካዊው ሮበርት ፍሎይድ በ1967 ያቀረቡትን ሐሳብ በማዳበር፣ ስለ ፕሮግራም የምንናገረው ሁሉ በሦስት ክፍሎች ሊጻፍ እንደሚችል አሳዩ። እነርሱም አስቀድሞ እውነት መሆን ያለበት ቅድመ ሁኔታ፣ ፕሮግራሙ ራሱ፣ እንዲሁም ፕሮግራሙ ሲያበቃ እውነት የሚሆነው ውጤት ናቸው።

በጽሑፋቸው የተጠቀሙበትን የማካፈል ምሳሌ የራሳችንን ቁጥሮች ሰጥተን እንመልከት። መደመርና መቀነስ ብቻ የሚችል ኮምፒዩተር 17ን ለ5 ያካፍል እንበል። ሲጀምር ድርሻው 0፣ ቀሪው 17 ነው። ቀሪው ከ5 እስካላነሰ ድረስ ኮምፒዩተሩ ከቀሪው 5 ይቀንሳል፤ በድርሻው ላይም 1 ይጨምራል። ቀሪው ወደ 12፣ ወደ 7፣ በመጨረሻም ወደ 2 ይወርዳል፤ ድርሻው 3 ይሆናል።

ቁጥሮቹ በየዙሩ ቢለዋወጡም አንድ ነገር አይለወጥም። ድርሻው በ5 ተባዝቶ ቀሪው ሲደመርበት ምንጊዜም 17 ይሰጣል፦ 0×5+17፣ 1×5+12፣ 2×5+7፣ 3×5+2። እኩልነቱ በመነሻው እውነት ነው፤ እያንዳንዱ ዙርም ከቀሪው የወሰደውን 5 በድርሻው በኩል ስለሚመልስ እውነትነቱን አያፈርስም፤ ስለዚህ በመጨረሻም እውነት ነው። በሌሎች ቁጥሮች ብንተካውም አመክንዮው ያው ነው። አንባቢ እንደሚያስተውለው፣ ይህ በሒሳብ ትምህርት የምናውቀው የኢንደክሽን ማረጋገጫ ነው።

አካፋዩ 0 ቢሆንስ? 0ን መቀነስ ቀሪውን ስለማያሳንሰው ፕሮግራሙ ያለማቋረጥ ይዞራል። እኩልነቱ አልተጣሰም፤ ፕሮግራሙ ግን አያበቃም። ስለዚህ «ሲያበቃ ትክክል ነውን?» እና «ያበቃልን?» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ለሁለተኛው፣ አካፋዩ ከ0 ይበልጣል የሚል ቅድመ ሁኔታ ያስፈልጋል። በሙከራ ብቻ የሚተማመን ሰው 0ን ለማስገባት ካላሰበ ይህን ጉድለት አያየውም፤ ፕሮግራሙ ማብቃቱንም ለማረጋገጥ የሚነሣ ሰው ግን ሳያገኘው አያልፍም።

ስሕተትን የማመን ድፍረት

ቅድመ ሁኔታን መዘንጋት የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። በ1996 አሪያን 5 የተባለው የአውሮፓ ሮኬት በመጀመሪያ በረራው ከተነሣ 40 ሰከንድ ገደማ በኋላ ወደመ። አሪያን 4ን በሚገባ ያገለገለ የፕሮግራም ክፍል፣ በአዲሱ ሮኬት ፍጥነት ምክንያት የተገኘን ትልቅ ቁጥር በ16 ቢት ቦታ ለማስቀመጥ በመሞከሩ ነበር። የቀድሞው ቅድመ ሁኔታ በአዲሱ ሮኬት ላይ እውነት አልነበረም።

ሆኖም በዚያው ዓመት ሆር ራሳቸው ባቀረቡት ጽሑፍ፣ ሶፍትዌር ያለ ሒሳባዊ ማረጋገጫ እንዴት ይህን ያህል አስተማማኝ ሊሆን ቻለ ሲሉ ጠየቁ። የእርሳቸውና የባልደረቦቻቸው ሥጋት የተጋነነ እንደነበር አምነው፣ ለጥንቃቄ፣ ለሥራ አመራርና ለሙከራ ተገቢውን ዋጋ ሰጡ። በ2009ም በ1965 በአንድ የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ያስገቡትን ባዶ አመልካች፣ ማለትም ወደ ምንም ነገር የማያመለክት አድራሻን፣ የቢሊዮን ዶላር ስሕተቴ ሲሉ ጠሩት።

ሐሳባቸው ግን ፍሬ አላጣም። በ1998 አገልግሎት የጀመረው፣ ያለ ሾፌር የሚሄደው የፓሪስ የምድር ውስጥ ባቡር 14ኛ መስመር ለደኅንነት ወሳኝ የሆነው ሶፍትዌሩ በዚሁ ዓይነት ሒሳባዊ ስልት ተረጋግጧል። በ2009 በአውስትራሊያ ኤስኢኤልፎር የተባለ የኮምፒዩተር ሥርዓት እምብርት ሙሉ ማረጋገጫ ተሰጠው። ፕሮግራሙ 8,700 ያህል መስመር ሲሆን ማረጋገጫው ግን ወደ 200,000 ይደርሳል። ይህ የሥራውን ክብደት በግልጽ ያሳያል፤ ሁሉም ፕሮግራም ይህን ያህል ወጪ አይገባውም። የሰው ሕይወት የተመሠረተበት ግን ይገባዋል።

ለተማሪዎቻችን የሚተርፈው ትምህርት ወጪ የለውም። ፕሮግራም ጽፋችሁ ከመሞከራችሁ በፊት፣ ምን እውነት እንደሆነ ይዛችሁ እንደተነሣችሁና በየዙሩ ምን እንደማይለወጥ በአንድ መስመር ጻፉ። መስመሯን መጻፍ ካቃታችሁ፣ ፕሮግራሙን ገና አልተረዳችሁትም ማለት ነው።