በስሕተት እጅ የገባ ገንዘብ የማን ነው?

በካቺሲ ገበያ ከአንዲት እናት ሽንኩርትና እንቁላል ገዛን። ሒሳቡ 300 ብር ነበር። ሁለት ባለ 200 ብር ኖት ሰጠናቸው፤ መልሳችን 100 ብር ነው ማለት ነው። ገበያው ሞቅ ብሏል፤ አህያው፣ ሰዉ፣ ጫጫታው! እናትዮዋ መልሱን አጣጥፈው አስጨበጡን፤ እኛም ሳናይ ኪስ ከተትነው። ማታ ቤት ገብተን ወጪያችንን ስንጽፍ የታጠፈው ብር ተዘረጋ። ባለ 200 ነው።

እኛ ከዩኒቨርሲቲ ተመድበን ለጎልማሶች ንባብ፣ ጽሕፈትና ሒሳብ የምናስተምር ተማሪዎች ነን። አምስት ሆነን በአንድ ቤት እንኖራለን። ያን ማታ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «ሲሳይ ነው፤ ሰርቀን አላመጣነው» አለ። ሌላው «ነገ ዛሬ ሳይባል መመለስ አለበት» አለ። ክርክሩ ገፋ፤ እራቱም ቀዘቀዘ።

እስቲ ነገሩን ለየት አድርገን እንየው። የጎረቤት በግ ከበጎቻችን ጋር ተቀላቅላ ማታ በረታችን ብትገባ ጥፋት የለብንም። ጠርተን አላመጣናትም። ጠዋት ቆጥረን አንድ በግ መብለጧን ካወቅን በኋላ ግን ዝም ካልን ነገሩ ሌላ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው በጓ ስትገባ ሳይሆን እኛ ስናውቅ ነው። ይህን በገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ ገንዘብ ሲሆን ለምን ይከብደናል? በግ በጆሮዋ ምልክት፣ በቀለሟ ትታወቃለች። ብር ግን ሁሉም አንድ መልክ ነው፤ ኪስ ከገባ የእኛው ይመስላል።

በባንክ ያለ ገንዘብ ግን ምልክት አለው። ይህን ብዙ ተማሪዎች በ2016 ዓ.ም. በግድ ተማሩት። መጋቢት 6 ቀን ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒውተር አሠራር ተበላሸ። ሰው በሒሳቡ ካለው ገንዘብ በላይ ከካሽ ማሽን ማውጣት፣ በስልክም ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፍ ቻለ። ወሬው በስልክ ከግቢ ወደ ግቢ በረረ። ማሽኖቹ ፊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ ነቅቶ አገልግሎቱን እስኪያቋርጥ ድረስ ብዙ ገንዘብ ወጣ። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ ነገሩ የውጭ ጥቃት ሳይሆን የውስጥ አሠራር ችግር መሆኑን ገለጹ፤ ከወሰዱትም ውስጥ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው አሉ። ያላግባብ የተወሰደው ወደ 801 ሚሊዮን ብር ነው ተባለ።

ከእኛ ከአምስታችን አንዱ ከሰልፉ ውስጥ ነበረ። ያን ጊዜ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው። በሒሳቡ 60 ብር ነበረው፤ 2,000 ብር አወጣ። «ሁሉም ሲወስድ እኔ ብቻ ሞኝ ልሁን?» እንዳለ ራሱ ነግሮናል። በማግሥቱ ጫማ ገዛ። ማሽኑ ግን ስሙን፣ ሰዓቱንና ልኩን አንድ በአንድ ጽፎ ይዟል። ባንኩ ለሚመልሱ ክስ እንደማይኖር ተናገረ፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ከገንዘቡ ሦስት አራተኛ ያህሉ ተመለሰ። ያልመለሱ 567 ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ይፋ ወጣ። የጓዳችን ስም አልወጣም። አባቱ በግ ሸጠው ከፈሉለት።

ፎቶግራፍ መለጠፉ ላይ እኛ ቤት ስምምነት የለም። ባንክ በስሕተት የገበሬውን ሒሳብ ቢያጎድል የሥራ አስኪያጁን ፎቶ ማን ይለጥፋል? ገበሬው ተሰልፎ «እባካችሁ» ይላል እንጂ። ይህ ቅሬታ እውነት አለው። ቢሆንም የወሰድነውን የእኛ አያደርገውም።

«ባንክ ሀብታም ነው፤ ምን ይጎዳል?» የሚልም አለ። ንግድ ባንክ የመንግሥት ነው፤ ኪሳራው መጨረሻ የሚያርፈው በሕዝብ ላይ ነው። በመስኮት ተቀምጦ ገንዘብ የሚከፍል ሠራተኛ አብልጦ ቢሰጥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጉድለቱን ከደመወዙ የሚተካው እሱ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2164 የማይገባውን የከፈለ ሰው ማስመለስ እንደሚችል ይደነግጋል። «የማይገባውን» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። በአሜሪካ ሲቲባንክ የተባለው ባንክ በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ለአበዳሪዎች ወለድ ብቻ ሊልክ ሲል ተሳስቶ 900 ሚሊዮን ዶላር ያህል ላከ። ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጋው አልመለስም አለ። የተቀበሉት «ብድራችን ነው፤ የሚገባንን ነው ያገኘነው» አሉ። የመጀመሪያው ዳኛ በ2013 ዓ.ም. ፈረደላቸው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ብድሩ የሚከፈልበት ቀን ገና ነው ብሎ ፍርዱን ሻረው። ዕዳ ያለበት ሰው ሲከፍል እንኳ ይህን ያህል ካከራከረ፣ ምንም ያላበደረ ሰው ምን ሊል ነው?

ይህን በማታው ክፍል ስናወራ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ልጆቼ፣ ሳላውቅ የበላሁትስ? ቁጥር ሳላነብ ስንት ጊዜ አብልጠው ሰጥተውኝ፣ ስንት ጊዜ አጉድለውብኝ ይሆን?» አሉ። ላላወቁት ማንም አይወቅሳቸውም አልን። አሁን ግን ቁጥር ያነባሉ፤ መልስ ሲቀበሉ እዚያው ቆጥረው ያያሉ። በቴሌብር ሲልኩም እንዲሁ ነው። አንዲት ቁጥር ከተሳሳተች ብሩ ወደማያውቁት ሰው ይሄዳል። ስለዚህ የምሥጢር ቁጥር ከመንካትዎ በፊት የተቀባዩን ስም ያንብቡ። የማያውቁት ገንዘብ በስልክዎ ቢገባም አያጥፉት። ደዋዩ አጭበርባሪም ሊሆን ስለሚችል፣ ራስዎ ከመላክ ይልቅ በድርጅቱ በኩል እንዲመለስ ያድርጉ።

ወደ ሽንኩርቷ እንመለስ። የመጀመሪያውን ገበያ ቀን ሥራ በዛብን ብለን አሳለፍነው። እውነቱን ለመናገር መቶ ብሯን ለሳሙናና ለስኳር አጥፍተናት ነበር። በሁለተኛው ገበያ አዋጥተን ሄድን። እናትዮዋ ቦታቸው ላይ ናቸው።

«እማማ፣ ባለፈው ጊዜ መቶ ብር አብልጠው ሰጥተውናል» አልናቸው።

ወዲያው አልተቀበሉንም። ፊታችንን አዩ፤ ብሩን አዩ። ከዚያ ዞር ብለው ከኋላቸው ሽንኩርት የምትለቅም፣ አሥር ዓመት የሚሆናት ልጃቸውን በኦሮምኛ ጠሩ። ለካስ ያን ዕለት ማታ ሒሳባቸው መቶ ብር ጎድሎ፣ እሷ ወስዳለች ብለው ገርፈዋት ኖሯል። ልጅቱ መጥታ ቆመች። ብሩን አላየችም። እኛን ነው ያየችን።