ከሸቀጥ ጋር ስለሚሰጥ የአጠቃቀም መመሪያ አጻጻፍ

አንድ ሸቀጥ ተሸጦ ዋጋው ከተከፈለ በኋላ የነጋዴው ሥራ የተፈጸመ ይመስላል። ይሁን እንጂ ዕቃው በገዢው እጅ መልካም አገልግሎት እስኪሰጥ ድረስ ንግዱ ገና አላለቀም። ሻጩ በሌለበት ስፍራ ገዢውን የሚመክረው፣ ከዕቃው ጋር የተሰጠው የአጠቃቀም መመሪያ ብቻ ነው።

የዚህ ነገር ክብደት በጀውሃ ጎልቶ ይታያል። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና ላይ በምትገኘው በዚህች ስፍራና በአካባቢዋ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ይለማሉ፤ የይፋት ቆላ ገበሬ ማሾም ያመርታል። ሽንኩርት ትሪፕስ በሚባል ደቃቅ ተባይ ስለሚጠቃ፣ የጸረ ተባይ መድኃኒት በሱቅ የሚፈለግ ሸቀጥ ነው። በይፋት ቆላ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛና አፋርኛ ይነገራሉ፤ ከገበሬውም መካከል ማንበብ የማይችል አለ። በባዕድ ቋንቋና በደቃቅ ፊደል የታተመ ወረቀት ለእንዲህ ያለው ደምበኛ ምን ይረባዋል?

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የጸረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674፣ እንዲሁም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 በሸቀጥ ላይ ስለሚለጠፍ መግለጫ ደንግገዋል። ሆኖም ሕግ መግለጫ እንዲኖር ያዛል እንጂ፣ ገዢው እንዲገባው አድርጎ መጻፉ የነጋዴው ፈንታ ነው። ለዚህም የሚከተሉት አምስት ነገሮች ይጠቅማሉ።

1ኛ/ መጠኑ ገዢው በያዘው መሣሪያ ይነገር። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ መመሪያ «ለ1 ሔክታር 1 ሊትር መድኃኒት በ400 ሊትር ውኃ» ይላል እንበል። ገበሬው ያለው ግን 20 ሊትር የሚይዝ በጀርባ የሚታዘል መርጫና ሩብ ሔክታር መሬት ነው። ስሌቱን ጸሐፊው ጨርሶ «በአንድ መርጫ ውኃ 50 ሚሊ ሊትር፤ ለሩብ ሔክታር 5 መርጫ» ብሎ ይጻፍለት። መለኪያውም ከዕቃው ጋር ይሰጠው። ቆርኪና ሲኒ መጠናቸው ይለያያል፤ መድኃኒት የተለካበት ሲኒ ወደ ጓዳ ቢመለስ ደግሞ ቤተ ሰቡን ለመመረዝ ያጋልጣል።

2ኛ/ አጻጻፉ የሥራውን ቅደም ተከተል ይከተል፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር አንድ ሥራ ብቻ ይታዘዝ። «መርጫውን እስከ ግማሹ ውኃ ይሙሉ። መድኃኒቱን ለክተው ይጨምሩ። ውኃውን እስከ 20 ሊትር ይሙሉ። ክዳኑን ዘግተው ይነቅንቁ።»

3ኛ/ ማስጠንቀቂያ ከሥራው በፊት ይምጣ። አንባቢው እያነበበ ይሠራልና፣ «ጓንት ያጥልቁ፤ ነፋስ ሲኖር አይርጩ» የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ቢጻፍ ከጥፋት በኋላ ይደርሳል። ለማያነብ ሰው ሥዕል ይጨመርለት፤ ባለሱቁም በቃል ያስረዳው። በመግለጫው ግርጌ የሚታተመው የቀለም መስመር ትርጉም አለው፤ ቀይ እጅግ አደገኛውን፣ ቢጫ መካከለኛውን፣ ሰማያዊ አነስተኛውን፣ አረንጓዴ ከሁሉ ያነሰውን አደጋ ያመለክታል።

4ኛ/ ትእዛዙ ምክንያቱን ይያዝ። ከመጨረሻው ርጭት እስከ ምርት መሰብሰቢያ ስንት ቀን መጠበቅ እንደሚገባ በቁጥር ይጻፍ፤ ቀኑ ሳይሞላ ቢሰበሰብ መርዙ በምርቱ ላይ እንደሚቀርም ይነገር። ይህ ላኪውን በብርቱ ይመለከተዋል። የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ያቋቋሙት የኮዴክስ ኮሚሽን በምግብ ላይ ሊቀር ለሚችለው መድኃኒት ወሰን ያወጣል። ከተፈቀደው ወሰን ያለፈ ጭነት በወደብ ሊመለስ ይችላል።

5ኛ/ መመሪያው ከመታተሙ በፊት ይፈተን። ዕቃውን ለማያውቅ ሰው ወረቀቱና በንጹሕ ውኃ የሚሞላ መርጫ ይሰጠው፤ ጸሐፊውም ቃል ሳይተነፍስ ይመልከተው። የሰውየው እጅ ባመነታበት ቦታ፣ መታረም ያለበት ዐረፍተ ነገሩ ነው።

ይህ ሁሉ ድካምና የማተሚያ ወጪ ትርፍ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መጠኑን ባለማወቅ ሽንኩርቱ የተቃጠለበት ገበሬ ዱቤውን የሚከፍልበት ገንዘብ አያገኝም፤ ወደዚያም ሱቅ ዳግመኛ አይመለስም። ሥራው የሠመረለት ግን ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል።