ሪሌው ሲጠፋ ትራንዚስተሩ ለምን ይቃጠላል?

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ኤሌክትሪክ ሲጽፍ የምሕንድስና ጓደኞቻችን እንደሚስቁ አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ሦስት ትራንዚስተር ያቃጠለ ሰው ጥቂት የመናገር መብት ያለው ይመስለኛል። ጎንደር ውስጥ በተከራየነው ቤት ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ያውም ብዙ ጊዜ በሌሊት ስለ ሆነ፣ በርሜሉ ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋ ትንሽ መሣሪያ ሠራን። አንድ ቢሲ547 ትራንዚስተር ባለ 12 ቮልት ሪሌ ያዛል፤ ሪሌው ደግሞ ባለ 220 ቮልቱን ፓምፕ ያበራል፣ ያጠፋል። በመጀመሪያው ሌሊት ሠራ። በሁለተኛው ፓምፑ አልጠፋ ብሎ ግቢው ጭቃ ሆኖ አደረ። በፈረቃ የተገኘ ውሃ ሲፈስ ማየት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ የሰፈራችን ሰው ያውቀዋል። ትራንዚስተሩን ለወጥን፤ ሁለተኛውም እንደ ፊተኛው ሆነ።

ጥፋቱ በሪሌው ውስጥ ያለው ጥቅልል ሽቦ ነው። በጥቅልል ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲሄድ በዙሪያው የማግኔት ኃይል ይከማቻል። ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁል የሚወርድ የጫነ ካሚዮን ነጂው ነዳጅ ስለ ነሣው ብቻ ቀጥ አይልም፤ በጥቅልሉ የሚሄደው ኤሌክትሪክም እንዲሁ መንገዱ በድንገት ሲዘጋበት ጉዞውን ለመቀጠል ይገፋል፤ ቮልቱም ከ12 ተነሥቶ ወደ መቶዎች ይዘላል። ቢሲ547 የሚችለው 45 ቮልት ብቻ ነው። ይህን የጥቅልል ጠባይ አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ በ1832 እ.ኤ.አ. ጽፎ አሳትሞት ነበር።

ጋራዥ የዋለ ሰው ግን ነገሩን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። በአሮጌ የቤንዚን መኪና ፑንቲናው ሲከፈት የቦቢናው ኤሌክትሪክ ይቋረጣል፤ ካንዴላው ላይ የሚዘለው እሳት የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ከ12 ቮልት ባትሪ ብዙ ሺህ ቮልት! (ጣሊያኖች የሊማሊሞን መንገድ ብቻ ሳይሆን እነዚህን ስሞችም ትተውልን ሄደዋል።) ከፑንቲናው ጋር የታሰረችው ኮንደንሰር ከተበላሸች ፑንቲናው በእሳት ተበልቶ ያልቃል።

ለእኛ መሣሪያ መድኃኒቱ አንድ ዳዮድ ነበር። ዳዮዱ ከሪሌው ጥቅልል ጎን ለጎን ይታሰራል፤ ቀለበት የተሰመረበት ጫፉ ወደ ፖዘቲቩ ይዞራል። ሪሌው በርቶ ሳለ ዳዮዱ ምንም አያሳልፍም፤ ትራንዚስተሩ ሲዘጋ ግን የጥቅልሉ ኤሌክትሪክ በዳዮዱ በኩል እየዞረ በዚያው ሽቦ ውስጥ ደክሞ ይጠፋል። ቮልቱም ከ12 በላይ የሚጨምረው አንድ ያህል ብቻ ነው። 1 አምፔር የሚችለው 1ኤን4007 ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። ተገልብጦ ከታሰረ ግን ኤሌክትሪኩ ጥቅልሉን ትቶ በዳዮዱ በአቋራጭ ስለሚያልፍ ትራንዚስተሩ ወዲያው ይቃጠላል፤ ሦስተኛው የሞተብን እንዲህ ነው። ዳዮዱ ሪሌውን በጥቂት ሚሊ ሰኮንድ ያዘገየዋል፤ ለበርሜል ይህ ምንም አይደለም።

ፓምፑም ራሱ ጥቅልል ስለ ሆነ ሲጠፋ በሪሌው መነካኪያዎች መካከል እሳት ይዘላል። እዚህ ዳዮድ አይረዳም፤ የቤት ኤሌክትሪክ በሰኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ዳዮዱ በግማሹ ጊዜ አጭር መንገድ ይሆንበታል። 100 ኦም ሬዚስተርና 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ተያይዘው በመነካኪያዎቹ ላይ ይታሰራሉ፤ ካፓሲተሩም ለ220 ቮልት መስመር ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት። ይህን እኛ አልነካነውም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራን። አሁን ሌሊት ሪሌው ቀጭ ሲል እየሰማን ተገላብጠን እንተኛለን።