ጭራዋን የጨረሰች እንቁራሪት ምን ትብላ?

ኢሉባቦር ላይ ዝናብ ከገባ ቶሎ አይወጣም። በኡካ፣ በመቱና በጎሬ ዙሪያ መሬቱ ለወራት እንደረሰረሰ ይከርማል፤ ቦዩም፣ የከብት ኮቴ ያጎደጎደው ጭቃም፣ ረግረጉም ጭራ ባላቸው የእንቁራሪት ልጆች ይሞላል። የሰፈር ልጆች በሃይላንድ ጨልፈዋቸው ቤት ማምጣታቸው አይቀርም። ለአሳዳጊው ሥራው ቀላል የሚሆነው ውሃ ውስጥ እስካሉ ድረስ ነው፤ ትንሽ የተቀቀለ ጎመን ወይም ሰላጣ ይበቃቸዋል፣ የተረፈውን ግን በየቀኑ ማውጣት ነው። ጣጣው የሚመጣው የፊት እግር ሲያበቅሉ ነው።

በዚያ ሰሞን የእንቁራሪቷ አካል ፈርሶ እንደሚሠራ ቤት ነው። አልጌ ይፍቅ የነበረው አፍ ነፍሳት ወደሚይዝ ሰፊ አፍ ይለወጣል፤ ረጅሙ አንጀት ያጥራል፤ ስንጥቡ ጠፍቶ ሳንባ ይተካል። ለጥቂት ቀናትም ምንም አትበላም። ስንቋ ጭራዋ ነው፤ ተቆርጦ አይወድቅም፣ ወደ ሰውነቷ ተመልሶ ይመጠጣል። አዝኖላት ምግብ የሚጨምር ሰው ውሃውን ከማበላሸት ሌላ የሚፈይድላት የለም። የሚያስፈልጋት መውጫ ነው፦ ዘንበል ያለ ድንጋይ ወይም እርጥብ ቅጠል። ማረፊያ ካጣች ውሃ ውስጥ የተፈለፈለችው እንቁራሪት ውሃ ውስጥ ትሰጥማለች።

ጭራው ሲያልቅ ረሃቡ ይጀምራል። የእንጀራ ፍርፋሪም ሆነ ቁራሽ ዳቦ አይረባትም። ዓይኗ ምግብ ብሎ የሚያውቀው የሚንቀሳቀስን ነገር ነው፤ የሞተ ዝንብ አጠገቧ ቢከመር እንኳ ዞር ብላ አታየውም። መጠኑም ወሳኝ ነው፤ በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት የሚበልጥ ነፍሳት ባይሰጣት ይሻላል። ሙዝ በሞላበት አገር መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የበሰለ ሙዝ ልጣጭ ክፍት ጣሳ ውስጥ ሲቀመጥ ትናንሽ የፍሬ ዝንቦች ራሳቸው ይመጣሉ። ጎመን ላይ የሚሰፍረው ክሽክሽ፣ ትንንሽ ምስጥ፣ ገና የተፈለፈለ ፌንጣም ይሆናል፤ ፀረ ተባይ ከተረጨበት ጓሮ የተለቀመ ግን በፍጹም። ትንሿ በየቀኑ ትመገባለች፤ አድጋ ስትጨርስ በሁለት ሦስት ቀን አንዴ ይበቃታል። ዝንብ ብቻ የምትበላ እንቁራሪት ካልሲየም ያንሳትና አጥንቷ ይጎብጣል፤ ስለዚህ በደንብ የላመ የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት አልፎ አልፎ ነፍሳቱ ላይ ይነሰነሳል። ስትውጥ ማየት የሚያዝናና ነገር ነው፦ ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ሰርገው ጉርሻውን ወደ ጉሮሮ ይገፋሉ።

ውሃ በአፏ አትጠጣም፤ በቆዳዋ ትመጥጣለች፣ በቆዳዋም ትተነፍሳለች። ሳሙና፣ ቅባት ወይም ጨው የነካው እጅ የሚጎዳት ለዚህ ነው። የዝናብ ውሃ ከሁሉ ይሻላል፤ የቧንቧው ክሎሪን እንዲወጣለት ክፍት ዕቃ ውስጥ አንድ ቀን ማደር አለበት። ከያዩ የቡና ደን ጥላ የወጣች ፍጥረት ደግሞ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ በጠርሙስ ብትቀመጥ በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች።

ሁሉም እንቁራሪት ግን አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። ምላስ የሌላትና ሕይወቷን ውሃ ውስጥ የምታሳልፈው የኢትዮጵያ ባለጥፍር እንቁራሪት የሞተ ሥጋም አትንቅም፤ በሁለት እጆቿ እየገፋች ትጎርሳለች። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኙት ፓራካሲና የተባሉ እንቁራሪቶች ቀንድ አውጣ ይበላሉ። በደቡብ ምዕራቡ ደን ደግሞ በ1974 እ.ኤ.አ. ማልኮም ላርገን የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ለሳይንስ ያስተዋወቃት አንዲት ትንሽዬ እንቁራሪት አለች፤ ሳይንሳዊ ስሟ አፍሪክሳለስ ኤንሴቲኮላ ሲሆን ሁለተኛው ቃል የተወሰደው ከእንሰት ነው። ያገኘውን ሁሉ አንድ ጣሳ ውስጥ የሚጨምር ሰው አንዷን ያስርባል፣ ሌላዋን ያስበላል። እንቁራሪት ትንሿን እንቁራሪት ከመዋጥ አትመለስምና።

ሌላም ነገር አለ። የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ይዞ መገኘትን ይከለክላል፤ እንቁራሪትም የዱር እንስሳ ናት። ቆዳ የሚያጠቃው ኪትሪድ የተባለ ፈንገስ ደግሞ በአገራችን እንቁራሪቶች ላይም ተገኝቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት በዚህ ፈንገስ ምክንያት ቢያንስ 501 የእንቁራሪትና የዘመዶቿ ዝርያዎች ቁጥራቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። ከመቱ የተያዘችን ኡካ ወስዶ መልቀቅ፣ ወይም የጠርሙሱን ውሃ ወንዝ ውስጥ መድፋት በሽታ ማጓጓዝ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ አንዴ አምጥተዋት ከሆነ የምትመለሰው ወደ ተወሰደችበት ኩሬ ነው፤ ያውም ከሌላ ቦታ እንቁራሪት ጋር ካልተቀላቀለች ብቻ። ሰዓቱ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ የቀን ፀሐይ ስስ ቆዳዋን ያደርቀዋል፣ ወፎችም አይምሯትም።