ግድግዳችን ለምን ያልበዋል?

አምና ክረምቱ እንዳለፈ ልጄ የብሎኬት ዋጋ አጠያይቆ መጣና «እማዬ፣ ይህን ጭቃ ቤት እናፍርሰው፤ ልጁ በሳል አለቀ» አለኝ። ልጁ የሚለው አራት ዓመት የሞላውን የልጅ ልጄን ነው። በዚያ ክረምት ሌሊት ሌሊት ደረቱ ሲር ሲር እያለ እኔም እናቱም እንቅልፍ አላየንም። ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ እርጥበትና ጭስ ካለበት ክፍል ታቅፈው የመጡ ስንት ሕፃናት ተቀብያለሁና የልጄን ነገር በቀላሉ አላየሁትም። ቤቱ ግን እናቴ የተወችልኝ ነው፤ ብሎኬቱም በጡረታ አበል የሚቻል አይደለም።

እስቲ እንደ በሽተኛ ልመርምረው ብዬ ግድግዳውን በእጄ ዳሰስኩት። የልጁ አልጋ የተጠጋበት እስከ ጉልበት ድረስ ያልበዋል፤ ሻጋታም ይዞታል። እናቴ በጭቃ ያስመረገችው የጓዳው ግድግዳ ግን ደረቅ ነው። አፈርኩ። የሻገተውን ግድግዳ ከዓመታት በፊት ዕቁብ ሲደርሰኝ «ዘመናዊ ይሁን» ብዬ በሲሚንቶ ያስለሰንኩት እኔው ነኝ።

ከሰፈራችን አንድ አዛውንት ጭቃ ሠሪ ጠራሁ። ልስኑን መታ መታ አድርገው «ሲስተር፣ ጭቃ የጠጣውን ውኃ መልሶ ያወጣል፤ እርስዎ መውጫውን ዘጉበት» አሉኝ። ውኃው የሚገባው ከግርጌ ነበር። መንገዱ ድንጋይ ሲነጠፍ ደጃችን ከፍ ብሎ መሠረቱን ቀብሮታል፤ አሸንዳውም ተቀዶ የጣሪያው ውኃ እዚያው ሥር ይወርዳል።

ጥር ላይ ሥራ ስንጀምር ጭቃውን አልነካንም። መጀመሪያ የውጪውን አፈር ቆፍረን የድንጋዩን መሠረት አወጣን፣ ቦይ ቀደድን፣ አሸንዳ ቀየርን። ሲሚንቶው ሲነሳ ሦስት ቋሚዎች በስብሰው ተገኙ፤ በደረቅ ባሕር ዛፍ ተተኩ። ሰውዬው በጭቃ አይቸኩሉም። ጥቁር አፈር ሲደርቅ ክፉኛ ስለሚሰነጠቅ ቀይ አፈር አስመጡ፤ የጤፍ ጭድ እየጨመሩ በእግር አስረገጡት፣ ውኃ እያጠጡና እያገላበጡ ሁለት ሳምንት አቦኩት። ለሽታው ጎረቤቶቼ ይቅር ይበሉኝ። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ከተሰነጣጠቀ በኋላ ነው ቀጠን ያለው ሁለተኛው የሚደረበው። ላዩን ኖራ ቀባነው እንጂ የዘይት ቀለም አላስነካነውም፤ እሱም እንደ ሲሚንቶው እርጥበት ያፍናል።

ከእኔ በኩል የጨመርኩት ነገር ቢኖር ከመስኮቱ ትይዩ ሌላ መስኮት ማስከፈት ነው፤ አየር በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ካልወጣ ብሎኬትም ቢሆን ሕፃን ያሳምማል። የከሰል ምድጃውም ከቤት ወጣ።

አዲስ ለምትሠሩ ደግሞ ሌላም መንገድ አለ። አፈር ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር ተደባልቆ በማሽን ተጨምቆ ጡብ ይሆናል፤ እንደ ሸክላ ጡብ በእሳት አይተኮስም፣ ማገዶም አይበላም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር ተቋም ከዙሪክ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ እዚሁ አዲስ አበባ በአፈር ፎቅ ቤት ሠርቶ አሳይቷል።

ወጪያችን ልጄ ካመጣው የብሎኬት ግምት ሩብ አልሞላም። ዘንድሮ ክረምት ልጁ ሁለት ጊዜ ጉንፋን ያዘው፤ ደረቱ ግን ሲር አላለም። ከግድግዳው ይሁን ከመስኮቱ ወይም ከከሰሉ፣ ለይቼ አልናገርም። በየሳምንቱ ግድግዳውን መዳሰሴን አልተውኩም።

መታጠቢያ ቤቱን ግን በብሎኬት አሠራሁት። ቀን ከሌት ውኃ የሚረጭበት ቦታ ስለሆነ ጭቃ ሠሪውም አልተከራከሩኝም።