ስፒከሩን ከመሸጣችሁ በፊት ሜትር ያዙ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር «የትኛውን ስፒከር ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ በዛብኝ። ለሁላችሁም እዚሁ ልመልስ።

የዛሬ ሁለት ዓመት እኔም ስፒከሮቼን ልሸጣቸው ደላላ ጠርቼ ነበር። የማህሙድ አህመድን ዘፈን ስከፍት ቤዙ «ቡምምም» እያለ ይጎተታል፤ ድምፁ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ለካ ጥፋቱ የእኔው ኖሯል። አንዱን ስፒከር ቡፌው አናት ላይ ሰቅዬ፣ ሌላውን ጥግ ውስጥ ወትፌ፣ ራሴ ደግሞ ከኋላ ግድግዳ ጋር በተጣበቀ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ነበር የማደምጠው። የብዙዎቻችን ሳሎን ይኸው አይደል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። የሳሎኔ ርዝመት 4 ሜትር ነው። 343ን ለርዝመቱ እጥፍ፣ ማለትም ለ8 ስታካፍሉ 43 ኸርዝ ገደማ ይመጣል። በዚህ ልክ፣ ማለትም በሰከንድ 43 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ሲመላለስ ራሱን በራሱ እየደገፈ ያብጣል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ ጣት ሳያርፍበት ሲመታ 41 ኸርዝ ነው። ጊታሪስቱ ያቺን ክር በነካ ቁጥር ቤቴም አብሮት ይጫወት ነበር ማለት ነው!

እብጠቱ የሚበረታው ግድግዳው ዘንድ ነው፤ ክፍሉ መሃል ላይ ይጠፋል። ስፒከር ጥግ ሲገባ እብጠቱን ይቀልባል፤ ጆሮ ግድግዳ ሲደገፍ ደግሞ ሙሉውን ይቀበላል። እኔ ሁለቱንም አድርጌ ነበር።

እንግዲህ ያስተካከልኩት ይህን ነው፦

1. ስፒከሮቹን ከጥግና ከግድግዳ አራቅኋቸው። ከኋላቸው ካለው ግድግዳ 50 ሳንቲሜትር፣ ከጎን ካለው 80 ሳንቲሜትር ያህል። ሁለቱ ርቀቶች እኩል አይሁኑ፤ እኩል ከሆኑ ሁለቱም ግድግዳዎች ያንኑ ድምፅ ያበላሹታል።

2. ቡፌው አናት ላይ የነበረውን አወረድኩት። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ትዊተር እንደ ባትሪ መብራት ወደፊት ነው የምትወረውረው። ስለዚህ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ትይዩ፣ ከወለሉ 1 ሜትር ገደማ ትሁን። የቡፌው ብርጭቆም መንጫጫቱን አቆመ።

3. ሦስት ማዕዘን ሠራሁ። በስፒከሮቹ መካከል 2 ሜትር፣ ከእያንዳንዳቸው እስከ ጆሮዬም 2 ሜትር። ቦታው ሲገጥም ዘፋኙ ምንም ነገር ከሌለበት ከመሃል ይሰማችኋል።

4. ሶፋውን ከግድግዳው 60 ሳንቲሜትር ሳብኩት። እማዬ ግን «ሶፋ መሃል ቤት ምን ይሠራል? ሰው ምን ይለናል!» አለች። ተስማማን፦ እንግዳ ሲመጣ ይመለሳል። ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ስላደረግሁ ቦታው አይጠፋኝም።

5. መስታወት ተጠቀምኩ። እናንተ ቦታችሁ ተቀመጡ፤ ሌላ ሰው በጎኑ ግድግዳ ላይ መስታወት ያንሸራትት። ስፒከሩ መስታወቱ ውስጥ በታያችሁበት ቦታ ላይ ነው ድምፁ ነጥሮ ወደ ጆሯችሁ የሚመጣው። እዚያ የመጽሐፍ መደርደሪያ አቁሙ ወይም ወፍራም ነገር ስቀሉ። እኔ አሮጌ ጋቢ አጣጥፌ ሰቅያለሁ።

አሁን ሳሎኑ መሃል ቆማችሁ አጨብጭቡ። ጭብጨባው እየተንጫረረ ከተመለሰላችሁ ሴራሚኩና ባዶው ግድግዳ እየተቀባበሉት ነው። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ይበቃዋል።

ቤዝን ግን ምንጣፍ አይመልሰውም። ግድግዳ ላይ የምትለጥፉት የእንቁላል ካርቶንማ ጭራሽ! የ43 ኸርዝ አንድ ሞገድ 8 ሜትር ይረዝማል፤ ካርቶን መኖሩንም አያውቅ። ቤዝን በነጻ የሚያርመው በዋናነት የስፒከሩና የመቀመጫችሁ ቦታ ነው። 20 ሳንቲሜትር እንኳ ለውጥ ታመጣለች፤ ስለዚህ የምታውቁትን አንድ ዘፈን ከፍታችሁ ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሳችሁ አድምጡ።

ደላላውን ይቅርታ ጠይቄ መለስኩት። ስፒከሮቹ ዛሬም ያው ናቸው፤ አንድ ብር አላወጣሁም።

ከእንግዲህ «የትኛውን ልግዛ?» ስትሉኝ የሳሎናችሁን ርዝመትና ወርድ አብራችሁ ላኩልኝ። ያለ እሱ አልመልስም።