ሬድፊልድ (የጠመንጃ መነጽር)

ሬድፊልድ በአሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት፣ ዴንቨር ከተማ በ1909 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የጠመንጃ ማነጣጠሪያና መነጽር አምራች ኩባንያ ስም ነው። የዴንቨሩ ፋብሪካ በ1998 ተዘጋ። ስሙ ግን ለብቻው ሲሸጥና ሲገዛ ቆይቶ በ2008 ሉፖልድ ኤንድ ስቲቨንስ በተባለ የቀድሞ ተፎካካሪው እጅ ገባ፤ በ2010ም በአዳዲስ ምርቶች ላይ እንደገና ታየ። የሬድፊልድ ታሪክ አንድ የንግድ ስም ከሠራው ፋብሪካ፣ ከሠራተኞቹና ከቆመበት መሬት ተለይቶ እንዴት ሊኖር እንደሚችል ጥሩ ማሳያ ነው። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምሥረታና የብረት ማነጣጠሪያ

ጆን ሂል ሬድፊልድ ኩባንያውን ሲመሠርት ምርቱ መነጽር አልነበረም። በዚያ ዘመን አብዛኛው ጠመንጃ የሚነጣጠረው በብረት ማነጣጠሪያ ነበር። ተኳሹ አፈሙዙ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብረት ከኋላ ካለው ስንጥቅ ጋር አስተካክሎ ሁለቱን በዒላማው ላይ ያሳርፋል። ችግሩ የሰው ዓይን በአንድ ጊዜ በሦስት የተለያየ ርቀት ላይ ያሉ ነገሮችን አጥርቶ ማየት አለመቻሉ ነው።

ሬድፊልድ ስም ያተረፈው ለዚህ ችግር መፍትሔ በሆነው ባለ ቀዳዳ ማነጣጠሪያ ነበር። የኋለኛው ስንጥቅ በትንሽ ክብ ቀዳዳ ሲተካ ዓይን ሳያስበው የቀዳዳውን መሐል ይይዛል፤ ስለዚህ ተኳሹ የሚጨነቀው ስለ ሁለት ነገሮች ብቻ ይሆናል። ቀዳዳው ጠባብ መሆኑም ምስሉን ያጠራዋል። የካሜራ ቀዳዳ ሲጠብ የፎቶው ጥራት በርቀት እንደሚሰፋው ማለት ነው። «ኦሊምፒክ» እና «ኢንተርናሽናል» የተባሉት የኩባንያው ማነጣጠሪያዎች በዒላማ ተኩስ ውድድር ተሳታፊዎች ዘንድ ለብዙ ዓመታት የታወቁ ነበሩ።

መያዣው

መነጽር በአደን ጠመንጃ ላይ እየተለመደ ሲመጣ አዲስ ጥያቄ ተነሣ፦ መነጽሩ ከጠመንጃው ጋር በምን ይያያዛል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መያዣው የፀጉር ያህል ቢነቃነቅ ጥይቱ መቶ ሜትር ላይ ሲደርስ ከዒላማው በብዙ ጣት ይርቃል፤ እያንዳንዱ ተኩስም መያዣውን በኃይል ይገፋዋል።

«ጁኒየር» የተባለው የሬድፊልድ መያዣ መልሱ እንዲህ ነበር። የፊተኛው ቀለበት ከሥሩ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ እግር አለው። እግሩ በመሠረቱ ላይ ወዳለው ጉድጓድ በጎን በኩል ይገባና ዘጠና ዲግሪ ሲዞር ጥርቅም ብሎ ይቆለፋል። የኋለኛው ቀለበት ደግሞ ከግራና ከቀኝ በሁለት ትላልቅ ብሎኖች ተጨምቆ ይያዛል፤ አንዱን ብሎን አላልቶ ሌላውን በማጥበቅ መነጽሩን ወደ ጎን ማስተካከል ይቻላል። ንድፉ ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። የፊተኛውን ቀለበት ለማዞር መነጽሩን ራሱን እንደ እጀታ የተጠቀመ ሰው ዕቃውን ሊያበላሽ ይችላል። ቢሆንም ንድፉ ተወደደ፤ ሌሎች አምራቾችም ወሰዱት። ከነዚህ አንዱ ሉፖልድ ነው። ይህ ኩባንያ ስሙን ከመግዛቱ ብዙ ዓመታት በፊት የሬድፊልድን አሠራር የተከተለ መያዣ በራሱ ስም ይሸጥ ነበር።

የዴንቨር መነጽሮች

በ1950ዎቹ ኩባንያው ወደ ኤድ ሂሊያርድ አመራር ተላለፈ። በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ሬድፊልድ ኮልሞርገን ከተባለ የኦፕቲክስ ድርጅት «ቤር ከብ» የተባለውን የጠመንጃ መነጽር ሥራ ገዝቶ በሙሉ አቅም ወደ መነጽር አምራችነት ገባ።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ዛሬ እንደ ተራ ነገር ስለሚታይ ማብራሪያ ይፈልጋል። በቀድሞዎቹ መነጽሮች ማነጣጠሪያውን ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ለማስተካከል ዊንጭቱ ሲዞር የሚንቀሳቀሰው መስቀለኛው መስመር ብቻ ነበር። ስለዚህ ተኳሹ መስቀሉን በእይታው መሐል ሳይሆን ወደ አንድ ጥግ ተጠግቶ ሊያየው ይችላል። በአዲሱ አሠራር ግን መስቀሉና ምስሉን የሚያቃኑት ምስሮች (ሌንሶች) በአንድ ውስጣዊ ቱቦ ውስጥ ተደርገው ቱቦው በሙሉ ይንቀሳቀሳል፤ ዓይን የሚያየው መስቀል ሁልጊዜ መሐል ላይ ነው። ሬድፊልድ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይህንን ማጉያው ከ3 እስከ 9 እጥፍ ከሚቀያየር መነጽር ጋር አጣምሮ ለገበያ አቀረበ። ማጉያው ሲጨምር መስቀሉ አብሮ እንዳይወፍርም ተደርጎ ነበር። ዛሬ በማንኛውም ሱቅ የሚገኘው «ከ3 እስከ 9» የአደን መነጽር በመሠረቱ የዚህ አስተሳሰብ ልጅ ነው።

«አኩሬንጅ» የተባለው የርቀት መለኪያም ከዚሁ ዘመን ነው። በመነጽሩ ውስጥ ሁለት አግድም መስመሮች አሉ። አዳኙ የማጉያውን ቀለበት እያዞረ የአጋዘኑን ጀርባና ሆድ በሁለቱ መስመሮች መሐል ልክ እንዲገባ ያደርጋል። የአጋዘን ደረት 18 ኢንች፣ ማለትም 46 ሳንቲሜትር ገደማ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ምን ያህል ማጉላት እንዳስፈለገ ከታወቀ ርቀቱም ይታወቃል። ቁጥሩ በእይታው ግርጌ ባለች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይነበባል። ባትሪ የለውም፣ ሌዘር የለውም፤ ያለው የተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሒሳብ ብቻ ነው።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል እግረኛ ጦር (ማሪን) በ1966 ለቬትናም ጦርነት ኤም40 የተባለውን የአነጣጣሪ ተኳሾች ጠመንጃ ሲመርጥ በላዩ የተገጠመው መነጽር ይኸው ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላው ባለ አኩሬንጅ ሬድፊልድ ነበር። ለአደን የተሠራ ዕቃ በጦር ሜዳ ሲፈተን ድክመቱም ወጣ። የርቀቱ ቁጥር የተጻፈባት ሰሌዳ ከፕላስቲክ የተሠራች ስለነበረች መነጽሩ ወደ ፀሐይ ሲዞር በምስሮቹ የተሰበሰበው ሙቀት ያጣምማት ወይም ያቀልጣት ነበር። በተከታዩ ኤም40ኤ1 ላይ መነጽሩ አሥር እጥፍ ብቻ በሚያጎላ የሌላ ድርጅት መነጽር ተተካ። እንዲህም ሆኖ በአሰባሳቢዎች ዘንድ እስከ ዛሬ በብርቱ የሚፈለገው ሬድፊልድ የዚያ ዘመን አረንጓዴ መነጽር ነው።

ኩባንያው «ዋይድፊልድ» የተባለ፣ የዓይን በኩሉ ክፍል እንደ ቴሌቪዥን መስኮት ወደ ጎን የሰፋ መነጽርም ሠርቷል። ሐሳቡ የሚሮጥ እንስሳን ቶሎ ለማግኘት ከላይና ከታች ይልቅ ግራና ቀኝ ማየት ይጠቅማል የሚል ነው።

መዘጋት

ሂሊያርድ በ1970 በተራራ መውጣት አደጋ ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ከኩባንያው የንድፍ መሐንዲሶች አንዱ የነበረው ዶን በሪስ ለቅቆ በዚያው በኮሎራዶ፣ በግሪሊ ከተማ በሪስ የተባለውን የራሱን መነጽር ፋብሪካ መሠረተ። ይህ ፋብሪካ ዛሬም አለ። የዴንቨሩ ዕውቀት ምን ሆነ ለሚል ሰው መልሱን ከስሙ ይልቅ እዚህ መፈለግ ይቀላል።

ሬድፊልድ በተለያዩ ባለቤቶች እጅ ካለፈ በኋላ በ1998 ፋብሪካው ተዘጋ። ርካሽ የእስያ መነጽሮች ገበያውን በሞሉበት በዚያ ጊዜ በአሜሪካ ውስጥ በመካከለኛ ዋጋ መነጽር መሥራት አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። ሌላው ታዋቂ ስም፣ በቴክሳስ ኤል ፓሶ ይሠራ የነበረው ዊቨር፣ ፋብሪካውን የዘጋው ከዚህ ቀደም ብሎ በ1980ዎቹ ነው።

ስሙ ለብቻው

የተዘጋ ፋብሪካ ማሽኖቹ ይሸጣሉ፣ ሠራተኞቹ ይበተናሉ። የንግድ ምልክቱ ግን ንብረት ሆኖ ይቀራል። የፈጠራ መብት (ፓተንት) ዘመኑ ሲያልቅ የሕዝብ ይሆናል፤ የንግድ ምልክት ግን በሥራ ላይ እስከዋለና ምዝገባው እስከታደሰ ድረስ መቶ ዓመትም ይኖራል።

«በሥራ ላይ እስከዋለ» የሚለው ቃል ከባድ ነው። ላንሃም አክት በተባለው የ1946 የአሜሪካ ሕግ መሠረት፣ አንድ ምልክት ሦስት ዓመት በተከታታይ ካልተሠራበት ባለቤቱ እንደተወው ይገመታል። ባለቤቱ እንደገና ሊሠራበት ሐሳብ እንደነበረው ማስረዳት ካልቻለ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። ክፍያው ሳይታደስ ቀርቶ ሌላ ሰው እንደሚያስመዘግበው የድረ ገጽ አድራሻ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ክፍያ ብቻውን አለማዳኑ ነው። ለይስሙላ ጥቂት ዕቃ አምርቶ «ይኸው እየሠራሁበት ነው» ማለትም አይበቃም፤ ሕጉ የሚጠይቀው እውነተኛ ንግድ ነው።

ሁለተኛው ገደብ ሽያጭን ይመለከታል። ምልክት ከመልካም ዝናው ተነጥሎ እንደ ባዶ ቃል ሊሸጥ አይችልም። የሕጉ ዓላማ ገዢው እንዳይታለል ነው። ሬድፊልድ የሚል ጽሑፍ አይቶ የሚገዛ ሰው አንድ ዓይነት ዕቃ፣ አንድ ዓይነት ጥራት ይጠብቃልና። በተግባር ግን ይህ ገደብ ልል ነው። አዲሱ ባለቤት ተመሳሳይ ዓይነት ዕቃ እስከሠራ ድረስ በተመሳሳይ ሰዎች፣ በተመሳሳይ ከተማ ወይም በተመሳሳይ ማሽን እንዲሠራው አይገደድም።

የሬድፊልድ ስም በዚህ መንገድ ተጓዘ። በ2002 ሚድ የተባለው የካሊፎርኒያ የሥነ ፈለክ ቴሌስኮፕ አምራች የሲሞንስን፣ የዊቨርንና የሬድፊልድን ስሞች በአንድ ላይ ገዛ። ኮከብ ለማየት የሚያገለግል ምስር የሚሠራ ድርጅት ወደ ጠመንጃ መነጽር መግባቱ ከኦፕቲክስ አንጻር እንግዳ ነገር አልነበረም። ነገር ግን ሚድ በገንዘብ ችግር ሲያዝ በ2008 ሦስቱንም ለየብቻ ሸጣቸው። ሲሞንስ ወደ ቡሽኔል፣ ሬድፊልድ ወደ ሉፖልድ ሄደ።

በቢቨርተን መነሣት

ሉፖልድ በ1907 በኦሪገን የተመሠረተ የቤተሰብ ኩባንያ ሲሆን መጀመሪያ የመሬት ቅየሳ መሣሪያዎችን ይጠግን ነበር። የጠመንጃ መነጽር መሥራት የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ሬድፊልድ ዋነኛ ከሚባሉ ተፎካካሪዎቹ አንዱ ነበር።

ታዲያ የራሱ ትልቅ ስም ያለው ኩባንያ የሞተ ተፎካካሪውን ስም ለምን ይገዛል? ምክንያቱ የዋጋ ደረጃ ይመስላል። ውድ ዕቃ በመሸጥ የታወቀ ኩባንያ በራሱ ስም ርካሽ ዕቃ ቢያወጣ የዋናውን ስም ክብር ይቀንሳል። ከዜሮ አዲስ ስም ቢፈጥር ደግሞ የሚያውቀው የለም። ብዙ አዳኞች በአባታቸው ወይም በአያታቸው ጠመንጃ ላይ ያዩት ስም ከሁለቱም ችግር ያድናል።

በ2010 «ሬቮሉሽን» የተባለው አዲሱ የሬድፊልድ መነጽር ወጣ። የተነደፈውና የተገጣጠመው በኦሪገን፣ በቢቨርተን በሚገኘው የሉፖልድ ፋብሪካ ነበር። ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላው ሞዴል ከ200 ዶላር ባነሰ ዋጋ ተሸጠ፤ የዕድሜ ልክ ዋስትናም ነበረው። አኩሬንጅ የሚለው የድሮ ስምም ተመለሰ። ይሁን እንጂ አዲሱ አኩሬንጅ በመስቀሉ የታችኛው ዘንግ ላይ ለሩቅ ተኩስ የተጨመረ ምልክት እንጂ ያ የሚዞረው የርቀት መለኪያ አልነበረም። ቃሉ ተመለሰ፤ መሣሪያው አልተመለሰም። ኋላም ባለ ሁለት ዓይን መነጽርና የሌዘር ርቀት መለኪያ በዚሁ ስም ወጡ።

ግራ መጋባትም ተከተለ። የንግድ ምልክት መግዛት የቀድሞውን ፋብሪካ ዋስትና ለመፈጸም አያስገድድም፤ የድሮ መለዋወጫም አብሮ አይመጣም። በዚህ ምክንያት የዴንቨር መነጽር ያላቸው ሰዎች ውስጡ ሲጨጉር ወይም ዊንጭቱ ሲደርቅ የሚሄዱት ወደ ግል ጠጋኞች ነው። ያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይም ሻጮች «ዴንቨር» የሚለውን ቃል ለይተው ይጽፋሉ፤ አንድ ስም ለሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ሲሆን ከተማው የአያት ስም ሆኖ ያገለግላል።

መሬቱ

የኩባንያው ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ክፍል ይህ ነው። ብረት ተቆርጦና ተሞርዶ ሲያበቃ የተቀባው ዘይት መታጠብ አለበት። በዴንቨሩ ፋብሪካ ለዚህ የሚያገለግሉት ክሎሪን ያለባቸው ፈሳሾች ወደ አፈሩ ሰርገው የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ገቡ። ከነዚህ አንዱ የሆነው ትራይክሎሮኢቴን በውኃ ውስጥ ቀስ በቀስ ሲፈራርስ ዳይክሎሮኢቲሊን የተባለ ሌላ ውሕድ ይፈጥራል። ይህ ውሕድ በቀላሉ ይተናል።

የተበከለው ውኃ ከፋብሪካው ግቢ ወጥቶ በደቡብ ምሥራቅ ዴንቨር ባሉ መኖሪያ ቤቶች ሥር ተስፋፋ። ነዋሪዎቹን ያሰጋቸው ከታች የሚመጣው አየር ነበር። ትነቱ በአፈሩ ቀዳዳዎች አልፎ በምድር ቤት ወለል ስንጥቆች ወደ ክፍሎቹ ይገባል፤ በዓይን አይታይም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ጉዳዩ ሲታወቅ በአካባቢው ባሉ ቤቶች የአየር ምርመራ ተደረገ። በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶችም ከወለሉ ሥር ያለውን አየር በቱቦ ስቦ ከጣሪያ በላይ የሚያወጣ ማራገቢያ ተገጠመላቸው። ነዋሪዎች በጋራ ከሰሱ፤ በ2003 የዳኞች ሸንጎ (ጁሪ) ካሳ ወሰነላቸው። ጉዳዩ በቤት ውስጥ በሚገባ የኬሚካል ትነት ጥናት ዛሬም እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል።

የማጽዳቱን ወጪ የተሸከመው ስሙን የገዛው ሉፖልድ አይደለም። የሬድፊልድ የቀድሞ ባለቤት የነበረው ብራውን ግሩፕ በዋነኛ ሥራው የጫማ ነጋዴ ነበር፤ የዛሬው ወራሹ በሚዙሪ፣ ሴንት ሉዊስ የሚገኘው ካለርስ ነው። ካለርስ በዓመታዊ የሒሳብ ሪፖርቱ ውስጥ ከሴቶች ጫማ ሽያጭና ከሱቆች ኪራይ ጋር «ሬድፊልድ» የሚል ንዑስ ርዕስ ያወጣል። በርዕሱ ሥር የሚነበበው በኮሎራዶ ባለሥልጣናት ቁጥጥር ሥር ውኃውን እየሳበ የሚያጣራው ፓምፕ፣ ለአፈሩ የሚደረገው ሕክምናና እስካሁን የወጣው ገንዘብ ነው፤ ይህም ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል።